ልብሱ እስኪደርቅ
(ለራስ ስለ መራራት የቀረበ አስተያየት)



በዚህ ሰሌዳ ላይ እስካሁን የወጡትን ጽሑፎች፣ የምሳ ሰልፍ እስኪደርሰኝ ድረስ ቆሜ ሳነብ ከርሜያለሁ። ስለ አጠናን ዘዴ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና፣ ስለ መምህርነት ሙያ ክቡርነት ብዙ ተብሏል። ሁሉም «እንትጋ፣ እንበርታ፣ እንነሳ» የሚሉ ናቸው። መልካም ነው፤ እኔም ትጋትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ስለ መቀመጥ የጻፈ ሰው አላየሁም። መቀመጥ ስል ዝም ብሎ፣ ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ከማንም ጋር ሳያወሩ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ማለቴ ነው። ይህን በማለቴ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም የደረሰብኝ ነገር አለና፣ ከዚያ ተነስቼ ያለኝን አስተያየት አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣን በሁለተኛው ሳምንት የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ደረሰኝ። ርዕሱ በመበደር መቀነስ ነበር። የትምህርት ዕቅዱን ሁለት ሌሊት አምሽቼ ጽፌዋለሁ። ለመርጃ መሣሪያ እንዲሆነኝም ጠጠር ለቅሜ፣ የሸንበቆ ቁርጥራጭ አሥር አሥር እያደረግሁ በክር አስሬ ይዣለሁ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በአንድ ወንበር አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። አሠልጣኛችን ከኋላ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔም ጠመኔ አንስቼ 402 ሲቀነስ 157 ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ላይ ሰባት አይነሳም። ከአሥር ቤት ልበደር ብሄድ ዜሮ ነው። ስለዚህ ከመቶ ቤት ተበደርኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔ ከሰሌዳው ይልቅ በአሠልጣኙ እስክሪብቶ ላይ ሆነና፣ መልሱን 255 ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። ሁለት መስመር!

ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ተሳስተሻል» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ምን አደረግሁ መሰላችሁ? «ዝም በል! እጅህን አውርድ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ እጁን አወረደ፤ አንገቱንም አብሮ ደፋ። የቀረውን ሃያ ደቂቃ እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ያ በስንት ልፋት ያሰርኩት ሸንበቆ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሳይፈታ ቀረ።

ከክፍል ስንወጣ አሠልጣኛችን እዚያው በረንዳው ላይ፣ ሌሎች አምስት ሠልጣኞች ባሉበት፣ ሂሳቸውን ሰጡኝ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። የስድብ ቃል አልተናገሩም፤ ሊያዋርዱኝም አልፈለጉም። ግን ጆሮዬ ጭው ብሎብኝ ስለነበር ከተናገሩት ውስጥ ሲሶውን እንኳ የሰማሁ አይመስለኝም።

የስድቡን ሥራ የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ማታ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ራሴን የማልሰድበው ስድብ አልነበረም። ደደብ አልኩ፣ ገልቱ አልኩ። «አንቺን ብሎ መምህርት! ለዚህም እኮ ነው ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ የቀረሽው» አልኩ። እዚህ ላይ ሳልሸፍን ልናገር። እዚህ ግቢ ውስጥ ካለነው መካከል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታችን እንዳሰብነው ስላልሆነ የመጣን ብዙዎች ነን። አንዳንዱ ሙያውን ወዶ መጥቷል፤ የታደለ ነው። ሌላው ግን ያንን ውጤት እንደ እሾህ በእግሩ ውስጥ ይዞት ይዞራል። አንድ ስህተት ስንሠራ የምንሰድበው የዛሬውን ስህተት ብቻ ሳይሆን ያንን የቆየውን እሾህ ጭምር ነው። ስለዚህ የአንድ ቅነሳ ስህተት የሦስት ቀን ሐዘን ሆነብኝ። ምግብ አልበላ አለኝ፤ የመኝታ ቤት ጓደኞቼ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ «ራሴን አሞኛል» እያልኩ ሰነበትኩ።

በዚያው ሳምንት ከእኔ አጠገብ የምትተኛዋ ልጅ የአካባቢ ሳይንስ ስታስተምር ቃሉ ሁሉ ጠፍቶባት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ቆማ ቀርታ መጣች። ስታለቅስ አገኘኋት። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ፣ ከቤት የተላከልኝን ቆሎ አቅርቤ፣ «ምን ሆነ ታዲያ! ገና ልምምድ ላይ አይደለንም እንዴ? ማን ሲወለድ ጀምሮ ያስተምራል?» እያልኩ አጽናናኋት። ከልቤ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ለእሷ ያልኩትን ለራሴ ለማለት ግን አንደበቴ አልታዘዝ አለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እንጀራ ሲሆን ነው እንጂ ምሕረት ሲሆን ለራሳችን የምንቆርሰው ጠርዝ ጠርዙን ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአራት ልጆች ጋር ልብስ ልናጥብ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ወንዝ ወረድን። አጥበን በድንጋዩና በቁጥቋጦው ላይ ካሰጣን በኋላ ጓደኞቼ ገበያ ደርሰን እንመለስ አሉ። «አንቺ መቼም ደስም አላለሽ፤ ልብሱን ጠብቂልን» ብለውኝ ሄዱ። እንግዲህ ለመቀመጥ የወሰንኩት ፈልጌ አይደለም፤ የአምስት ሰው ልብስ ዘበኛ ሆኜ ነው። ደብተር አልያዝኩም፤ ስልኬንም መኝታ ቤት ትቼዋለሁ። መሄድ አልችልም፣ የምሠራውም የለኝም።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ያህል ስድቡ እንደ ልማዱ ቀጠለ። ቦታው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሐሳብ ወዲያው ያርፋል የሚል ሰው ካለ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። እንዲያውም ዝምታ ሲሆን ድምፁ ይብሳል። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መስማት ጀመርኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ውኃው ጠርቷል፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፀሐዩ ጀርባዬን ያሞቀኛል፣ ነፋሱ ደግሞ ፊቴን ያቀዘቅዘኛል። የረገጥነው ጦስኝ ሽታው ይመጣል። ከማዶ ዛፍ ላይ አንድ ዋኔ ታጉረመርማለች። ከእግሬ ሥር ጉንዳኖች የሣር ፍሬ ይዘው ይተራመሳሉ። ስለ ጉንዳን ታታሪነት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነግሮናል፤ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ግን ብዙ የሚዝረከረኩ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ፍሬውን ይጥልና ይመለሳል፣ ሌላው የመጣበትን መንገድ ደግሞ ይሄድበታል፣ ሁለቱ አንዲቱን ፍሬ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ማንም ማንንም አይቆጣም። ሳላስበው ሳቅሁ። ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳቅ ነበር።

ያኔ አያቴ ትዝ አለችኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በጎች ጠብቄ ነው ያደግሁት። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ቀን ከብርዱ ለመከለል ከድንጋይ ሥር ኩርምት ብዬ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ አንድ ግልገል የለም። ፈልጌ አጣሁት። ማታ እያለቀስኩ ስገባ አያቴ ባናዋን አልብሳ እሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አንቺ ደህና ነሽ?» ብላ ነው። ትኩስ ነገር ካጠጣችኝ በኋላ ግን ዝም አላለችኝም። የት እንደተኛሁ፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር፣ በጎቹ ወደ የት እንደዞሩ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በማግሥቱም አብራኝ ወጥታ፣ ቆመው የሚጠብቁበትንና ከነፋስ የሚከለሉበትን ቦታ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ግልገል ጠፍቶብኝ አያውቅም። እንግዲህ እኔን እንዲህ አድርጋ ያሳደገች ሴት እያለች፣ ይህን ሁሉ ስድብ ማን አስተማረኝ?

ይህን ሳስብ ቆይቼ ሳላውቀው በጣቴ እርጥቡ አሸዋ ላይ 402 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ 157። ከመቶ ቤት አንድ ስበደር አሥር ቤት ላይ አሥር ይሆናል። ከአሥሩ አንዱን ለአንድ ቤት ሳበድር ደግሞ የሚቀረው ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ! እኔ አሥሩን አሥር እንዳለ ትቼው አምስት ቀንሼለት አምስት አልኩ። ዘጠኝ ሲቀነስ አምስት አራት ነው። መልሱ 245።

አንባቢያን ሆይ፣ እኔን የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ለሦስት ቀን ሌት ተቀን ስለዚያ ስህተት ራሴን ስሳደብ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ስሌቱን መልሼ አልሠራሁትም ነበር። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላየሁም። ለማየት ፈርቼ ነበር። ስህተቴን ለማየት የቻልኩት መሳደቡን ባቆምኩ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ለራስ መራራት ስንፍናን ያስተምራል፣ ጥፋትን ይሸፍናል» ለሚሉ ጓደኞቼ መልሴ ይህ ነው። እኔን ያሰነፈኝ ስድቡ ነው። ግለ ሂስ እያልን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ነገር ግለ ሂስ አይደለም። ግለ ሂስ አሥሩ ዘጠኝ መሆን እንደነበረበት ማግኘት ነው። «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ሂስም ምንም አይደለም፤ ከዚህ ቃል ውስጥ ለነገ ሥራ የሚሆን አንዲት ነገር አይወጣም። «ደሃዋ እኔ፣ ምስኪኗ እኔ» እያሉ በራስ ላይ ማልቀስም ያው ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ስሌቱ አይመልስም።

በሥነ ልቦና ትምህርታችን ስለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር አግኝቻለሁ። ክርስቲን ኔፍ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ለራስ መራራትን ከሦስት ነገሮች ጋር ያያይዙታል። አንደኛው ራስን ከመኮነን ይልቅ በደግነት ማነጋገር ነው። ሁለተኛው መሳሳት የሰው ሁሉ ዕጣ እንጂ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም ብሎ ማወቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሚሰማንን ሕመም ሳይደብቁም ሳያጋንኑም እንዳለ ማየት ነው። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነበር። ወንዝ ዳር የመቀመጡ ጥቅምም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በመኝታ ቤት ውስጥ ሳለሁ ከስህተቴ በቀር ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ወንዝ ዳር ግን ስህተቴም አለ፣ ዋኔዋም አለች፣ ጉንዳኖቹም አሉ፣ የጓደኛዬ ካልሲም በነፋስ ተነስቶ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ መያዝ አለበት። ስህተቱ አልጠፋም፤ ልኩን ያዘ።

ሌላም ልጥቀስ። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕመምተኞች በጥንድ በጥንድ አድርገው አነጻጸሩ። የግማሾቹ መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ከሆስፒታል ቀደም ብለው ወጥተዋል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ልዩነቱ በአማካይ አንድ ቀን እንኳ የማይሞላ ነው፤ 46 ሰውም ጥቂት ነው፤ የእኔም በሽታ ሐሞት አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ ተነስቼ ዛፍ መድኃኒት ነው ብዬ አልለፍፍም። ግን መስኮታቸው ወደ ግድግዳ የሆነ መኝታ ቤቶች ያሉን መሆኑን ሳስብ ጥናቱ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

አንድ የታሪክ ትምህርት መምህር የሆነ የአገሬ ሰው ይህን ጉዳይ ሳጫውተው፣ «ይህ የተማረ ሰው ቅንጦት ነው፤ አርሶ አደር ተቀምጦ ተፈጥሮ ሲያደንቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። እናቴ ወንዝ ዳር ብትቀመጥ እንስራ ለመሙላት ነው። ይሁን እንጂ ያው የአገሬ አርሶ አደር ዕረፍት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃል። ማስረጃዬ ጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳም ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። አባቶቻችን ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይህን ቦታ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል (ይህ የመንዝ የቆየ ቃል ነው፣ ከሌላ አታምታቱብኝ)። በዚህ ሥርዓት መሠረት ሣሩ እንዲያገግም ቦታው በተከታታይ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይከለላል። ማጭድ አይገባም፣ ከብት አይገባም። ሲበቃ ይከፈታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ቦታው ተጎድቶ ነበር፤ ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ጥብቅ ቦታ ሆኗል።

ሦስት ዓመት ማጭድ ያልነካውን ሣር «ሰነፈ» ያለ ሽማግሌ በአገራችን አልነበረም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ያለ ዕረፍት የታጨደ ሣር ሥሩ ይሞታል። እኔ ለሣር ይህን ሁሉ የሚያስቡ ሰዎች ልጅ ሆኜ ለራሴ ግማሽ ሰዓት ነፈግሁ። ስለዚህ ቅንጦት ነው ላለኝ ሰው ይህንኑ መለስኩለት። ዝም አለ። ማመኑን ግን እንጃ።

ብቻን መቀመጥ በእኛ ዘንድ በጥሩ ዓይን እንደማይታይ አውቃለሁ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ አሞታል፣ ወይ ኮርቷል፣ ወይ ተጣልቷል። አያቴ ራሷ «በቀትር ወንዝ ዳር ብቻችሁን አትቀመጡ፣ ጋኔን ይለክፋችኋል» ትለን ነበር። ጋኔኑን አሁን አልፈራውም። የምፈራው ሌላ ነው፤ ይህንንም ወንዶች ወንድሞቻችን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እናንተ ሲከፋችሁ ተነስታችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ ግን ብቻችንን ከግቢ ራቅ ብንል አንድም ሰው ይከተለናል፣ አንድም ስም ይወጣልናል። ያን ቀን እንኳ እኔን ያስቀመጠኝ ልብሱ ነው። አንዲት ሴት ልጅ «ልብስ እየጠበቅሁ ነው» ካለች ማንም አይጠይቃትም፤ «ተቀምጬ ነው» ብትል ግን ጉድ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተስማምተናል። አብረን እንወርዳለን፤ ከዚያ ግን እርስ በርስ በምንተያይበት ርቀት ተለያይተን እንቀመጣለን፣ አናወራም። መጀመሪያ ቀን ሳቅ በሳቅ ሆነን ተመለስን። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛዋ «ዛሬ ሳላስበው እናቴን አሰብኳት» ብላ ዝም ብላ ልብሷን አጣጠፈች። ስልክ ይዘን መሄድም ሞክረን ነበር፤ ግማሽ ሰዓቱ በፎቶ ማንሳት አለቀ፤ ትተነዋል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር ለመጠየቅ እደፍራለሁ። የመጀመሪያው ለተከበሩ አሠልጣኞቻችን ነው። የልምምድ ሂስ ከክፍል እንደወጣን፣ በረንዳ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ባይሰጠን እንዴት በጎ ነበር! ሂሱ ይቅር አላልኩም፤ ይጥበቅ እንኳ ብትሉ አልቃወምም። ግን አንድ ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። ጆሯችን ጭው ሲል የተነገረን ነገር ለእናንተም ድካም ነው፣ ለእኛም አይቀርም። «ጊዜ ከተሰጣቸው ይረሱታል» ትሉ ይሆናል። አንረሳውም። እንዲያውም ብንረሳው በተሻለን ነበር።

ሁለተኛው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስላለችው ቦታ ነው። ሦስት የወይራ ዛፎችና ሁለት ጽዶች እንዳሉ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የተሰበረ ወንበርና ዴስክ ስለተከመረበት ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ያ ክምር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ቢነሳ ለሴቶችም ለወንዶችም ከአጥር ሳንወጣ የምንቀመጥበት ቦታ እናገኛለን። እኛ ለማንሳት ዝግጁ ነን፤ የሚያስፈልገን ፈቃድ ነው። ነገር ግን አደራ፣ ኮሚቴ አይቋቋምበት፣ ቦታው በር ላይ ማስታወቂያ አይሰቀልበት፣ «የዕረፍት ፕሮግራም» ተብሎም ስም አይጠራበት። አንድ ነገር ፕሮግራም በሆነ ቀን የቀሩትን መመዝገብ ይመጣል።

ስለዚያ ትንሽ ልጅ ሳልናገር ብቀር ደግሞ ጽሑፌ ውሸት ይሆናል። ራሴን ስሳደብ የኖርኩበትን ያንኑ ምላስ ነው ወደ እሱ ያዞርኩት። ለራሷ ምሕረት የሌላት ሰው ለሌላው ሰው አላት ብዬ አሁን አላምንም፤ ለጓደኛዬ ያቀረብኩት ቆሎ ጥሩ ነበር፣ ግን ጓደኛዬ ስህተቴን በሰው ፊት አልነገረችኝም። ፈተናው እዚያ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ሁላችንም ልጆች የሞሉበት ክፍል ውስጥ ብቻችንን እንገባለን፤ ያኔ ከኋላ የሚጽፍ አሠልጣኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉን መምህርት አሥር ደቂቃ ለመንኳቸውና ፈቀዱልኝ። 402 ሲቀነስ 157 ብዬ በዚያው ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። 255ንም ጻፍኩ። «ባለፈው ይህን ጽፌ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ይህን ያየልኝ ልጅ ደግሞ አለ፤ እኔ ግን ጮህኩበት፤ ይቅርታ» አልኩና ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራሁት። መጀመሪያ የምመታው መስሎት አልነሳም አለ። ከዚያ ተነስቶ መጣ። ሰሌዳው ስለራቀበት ወንበር አምጥተን ላዩ ላይ ቆመ። አሥሩን ሰርዞ ዘጠኝ አለ፤ 245 ብሎም ጻፈ። ሸንበቆውንም ያን ቀን ፈታነው።

ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ አጠገቧ ላለችው «ቲቸርም ትሳሳታለች እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ጓደኛዋም «አዎ፣ ግን መልሳ ትሠራዋለች» አለቻት።

እኔ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ልብስ አጥባለሁ። የወንዙ ውኃ ካለፈው ወር እየቀነሰ ሄዷል፤ የማስጫ ድንጋይ ግን በዝቷል። መምጣት የምትፈልግ ካለች ከቁርስ በኋላ በጀርባው በር በኩል ነን።

ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ